ባለ ነጭ ፂሙ ሰውዬ ምን ነበር ያለው?

የፊልም ወዳጆች ሲገናኙ «ሁለተኛው ክፍልማ አይረባም» ማለት ከሰላምታው ይቆጠራል። ይህን ለማለት ፊልሙን ማየት ግዴታ አይደለም። ከንፈር መጠጥ አድርጎ «የመጀመሪያው ነበር እንጂ!» ካሉ ይበቃል።

በዚህ አመል ክፉኛ የተጎዳው «ማትሪክስ ሪሎድድ» ይመስለኛል። የመጀመሪያው «ማትሪክስ» እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ስንቱን ጥቁር መነጽር አስገዛ። (ማትሪክስ ማለት ማሽኖች የሰውን ልጅ አስረው የሚያኖሩበት፣ በኮምፒውተር የተሠራ የውሸት ዓለም ነው።) ቀጣዩ የመጣው በ2003 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት እያንዳንዱ ተመልካች በጭንቅላቱ የራሱን ክፍል ሁለት ሲሠራ ከረመ። የጭንቅላት ፊልም ደግሞ በጀት አያግደውም፤ የሚያሰለች ቦታ የለውም፤ የሚያልቀውም ባለቤቱ ደስ እንዳለው ነው። የፊልሙ ዳይሬክተሮች ዋቾውስኪዎች የተወዳደሩት ከዚህ ጋር ነበር። ምስኪኖች! (ለነገሩ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የሰደበው ሁሉ ትኬት ቆርጦ ነው የሰደበው።)

ትልቁ ወቀሳ ያረፈው በአርክቴክቱ፣ ማለትም የውሸቱን ዓለም በሠራው ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። የፊልሙ ጀግና ኒዮ ያን ሁሉ ተደባድቦ፣ ያን ሁሉ በር ከፍቶ፣ ግድግዳው በስክሪን የተሞላ ክፍል ይደርሳል። እዚያ ባለ ነጭ ፂም ሰውዬ ወንበር ላይ ተደላድሎ ያወራል። ያወራል። ያወራል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ መዝገበ ቃላት ያሻዋል። ስክሪኖቹ ላይ ያሉት ኒዮዎች ራሳቸው ይሳደባሉ።

ተመልካቹስ? ተመልካቹ ራሱን ነቀነቀ። ጎንህ ያለው ሰው ሲነቀንቅ አንተም ትነቀንቃለህ፤ እሱ ደግሞ አንተን አይቶ ነው የነቀነቀው። ሲወጡ ወሬው ይህ ነበር፦

«እንዴት ነው?»

«ከባድ ነው። ጥልቅ ነው።»

«ሰውዬው ምን አለ?»

«እሱማ... ብዙ ነገር ነው ያለው።»

ሁለተኛ ጊዜ የማየት ትልቁ በረከት ሪሞት ነው። ሰውዬውን ዝም ታሰኘዋለህ፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፣ ታስደግመዋለህ። ያኔ ነገሩ ለካ ያን ያህል ስውር አይደለም። የመጀመሪያውን ማትሪክስ እንከን የለሽ አድርጌ ሠራሁት፣ ሰዎች አልቀበል ብለውት ፈረሰ ይላል። በኋላ መላ ተገኘ፦ የመምረጥ ዕድል ከተሰጣቸው፣ መምረጣቸውን በቅጡ ባያውቁት እንኳ፣ 99 በመቶ ያህሉ ይቀበላሉ። እምቢ ባዮቹ ደግሞ ከማትሪክስ ውጭ ባለችው የሰዎች ከተማ፣ በጽዮን ይሰበሰባሉ፤ «አዳኝ ይመጣል» የሚለው ትንቢት የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። ኒዮ ስድስተኛው አዳኝ ነው። ሥራውም 23 ሰዎች፣ ማለትም 16 ሴቶችና 7 ወንዶች መርጦ፣ ጽዮን ከጠፋች በኋላ እንደገና መመሥረት ነው። ከዚያ ዙሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

እንግዲህ አስበው። በመጀመሪያው ፊልም ያጨበጨብንለት ጀግና በአስተዳደሩ የታቀደ ነው! አመጹም መደበኛ ጥገና ነው! ኒዮ ራሱ ክፍል ስድስት ሆኖ አረፈው፤ አምስቱ ሳንሰማ አልፈዋል። ሰዉ ያኮረፈው በንግግሩ ርዝመት ነው ይባላል፤ እኔ አይመስለኝም። ገንዘቡን ከፍሎ «ጀግናህ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው» የሚባል ሰው ባያኮርፍ ነበር የሚገርመው።

ሁሉም ነገር ግን በሁለተኛው እይታ አላማረም። ኒዮ ራሱን እያባዛ ከሚመጣው ጠላቱ ከስሚዝ መንጋ ጋር የሚደባደብበት ቦታ ያኔም በኮምፒውተር የተሠራው አካል ላስቲክ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ብሶበታል። የመኪናው ማሳደድ በአንጻሩ አሁንም ያስጨንቃል። በካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ ውስጥ በተዘጋ የባህር ኃይል አየር ማረፊያ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አውራ ጎዳና ለቀረጻው ብቻ ሠርተው፣ ሲጨርሱ አፍርሰውታል። እውነተኛ አስፋልት አያረጅም መሰለኝ።

ችግሩ አሁን ሌላ ነው። ያኔ የሰደቡት ሰዎች ተገልብጠዋል። «ከዘመኑ ቀድሞ የመጣ» ሆኗል ስሙ። «እኔ እኮ ያኔም ወድጄው ነበር» የሚለው ሰው ብዛት፣ ያኔ ማን ነበር የተሳደበው ያሰኛል። ከእንዲህ ዓይነቱ አዲስ አማኝ ጋር ፊልሙን ማየት ደግሞ ፈተና ነው። ስክሪኑን ትቶ የሚያየው ያንተን ፊት ነው። «አየኸው? አየኸው?» ይልሃል። አላየህም፤ እሱን ስትሰማ አልፎሃል።

ከእነዚህ አንዱ ጭፈራውን ሊያስረዳኝ ሞከረ። 250,000 ገዳይ ማሽኖች መሬቱን እየቆፈሩ ወደ ጽዮን ሲመጡ፣ ሕዝቡ ዋሻ ውስጥ ጫማውን አውልቆ ይጨፍራል። በጣም ይጨፍራል። አንድም ሰው አካፋ አያነሳም።

«ይሄ እኮ የሰውነት መገለጫ ነው» አለኝ ወዳጄ። «ማሽን መጨፈር አይችልም። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩትና ራሴን ነቀነቅሁ። ሪሞቱ ግን እኔ ጋ ነበር፤ አሳለፍኩት።