ተራ ያልደረሰው መቺ፦ አሞል ሙዙምዳር ተበድሏል?

ሕንዳዊው የክሪኬት ተጫዋች አሞል ሙዙምዳር ሃያ ዓመት ያህል በሀገር ውስጥ ውድድር ነጥብ ሲያስቆጥር ኖሮ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ አንድም ቀን ሳይሰለፍ በ2014 ጨዋታ አቆመ። በዚህ ጉዳይ ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል። ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሽ፦ ከልጅነቱ ልጀምር። ጊዜው 1988፣ ቦታው ቦምቤይ፣ አዛድ ሜዳ፣ ጨዋታው የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው። በክሪኬት ሁለት መቺዎች ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ካልወጣ ቀጣዩ አይገባም። የ13 ዓመቱ አሞል የእግር መከላከያውን አስሮ ተራውን ይጠብቃል። ሜዳ ላይ ያሉት ግን የቡድኑ ጓደኞች ሳቺን ቴንዱልካርና ቪኖድ ካምብሊ ናቸው። ሁለቱ ሳይወጡ 664 ነጥብ አስቆጠሩ! መሸ፣ ነጋ፣ ልጁ እንደተቀመጠ ቀረ። ኋላም የደረሰበት ይኸው ነው። በ1993/94 ለቦምቤይ ተሰልፎ በመጀመሪያ ጨዋታው በሐርያና ቡድን ላይ 260 ነጥብ አስመዘገበ፤ እስከዚያ ድረስ በመጀመሪያ ጨዋታው ያን ያህል ያስቆጠረ በዓለም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ 171 ጨዋታ፣ 11,167 ነጥብ፣ 30 ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ። ይህን ሁሉ ያረሰ በሬ ገለባ ይነፈገዋል?

ተከላካይ፦ የአዛድ ሜዳው ታሪክ ያምራል። ችግሩም ማማሩ ነው፤ እሱን ሲተርክ የዋለ ሰው ሒሳቡን ይረሳል። በብሔራዊ ቡድኑ የመካከለኛ ተራ መቺ ቦታ ቢበዛ አራት ነው። አንዱን ቴንዱልካር ከ1989 ጀምሮ ይዞታል። በሰኔ 1996 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ ሁለት አዲስ መቺዎች በመጀመሪያ የቴስት (የብሔራዊ ቡድኖች የአምስት ቀን) ጨዋታቸው፣ ጋንጉሊ 131፣ ድራቪድ 95 አስቆጠሩ። በዚያው ዓመት ሌላው መቺ ላክስማን መጣ። እስቲ እርስዎ የቡድኑ ተጫዋቾች መራጭ ይሁኑና ማንን ያስወጣሉ? በደል ካለ በዳይ ይኖራል፤ እኔ ግን ከዘመኑ በቀር የሚከሰስ አላገኘሁም።

ከሳሽ፦ እነዚያ አራቱ ከብረት አልተሠሩም፤ ክፍት ቦታ ይገኝ ነበር። ሌላው መቺ ሪሺኬሽ ካኒትካር እንኳ ሁለት የቴስት ጨዋታ ተሰጥቶታል። ለአሞል አንድ ቢሰጠው ምን ይጎድል ነበር?

ተከላካይ፦ ካኒትካርን መጥራትዎ ለእኔ ይጠቅማል። ሕንዶች እሱን የሚያስታውሱት በ1998 በአንድ ቀን ጨዋታ ዳካ ላይ ፓኪስታንን ባሸነፉባት አራት ነጥብ ነው እንጂ በሁለቱ ቴስት አይደለም። የእኔ ጠብ ግን ከመራጮች ጋር ሳይሆን ከእርስዎ ሐዘኔታ ጋር ነው። የራንጂ ዋንጫ፣ ማለትም የሕንድ የሀገር ውስጥ ውድድር፣ ጨዋታ አራት ቀን ፀሐይ ላይ መቆም ነው፣ ተመልካቹም ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር። ሙዙምዳር በ2006/07 ሙምባይን (የቀድሞዋን ቦምቤይ) እየመራ ዋንጫውን ወስዷል። ኋላም ወደ አሳምና ወደ አንድራ ቡድኖች ተሻግሮ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ሲቃረብ እንኳ ይመታ ነበር። ይህን ሰው «ያልታደለው» ብሎ መጥራት 171ዱን ጨዋታ መጠበቂያ አግዳሚ ማድረግ ነው። ራንጂ ራሱ ሥራው ነበር እኮ!

ከሳሽ፦ ሥራነቱን አልካድኩም። ኅዳር 2 ቀን 2025 ናቪ ሙምባይ ላይ የሕንድ ሴቶች የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫቸውን ሲያነሡ አሠልጣኛቸው እሱ ነበር። አምበሏ ሃርማንፕሪት ካውር በሕንድ የአክብሮት ልማድ ጎንበስ ብላ እግሩን ስትነካ እኔ እንባዬ መጣ።

ተከላካይ፦ ታዲያ ይህ አይበቃዎትም?

ከሳሽ፦ ለአሠልጣኙ ይበቃል። መከላከያውን አስሮ የተቀመጠውን ልጅ ግን እስከ ዛሬ «ግባ» ያለው የለም።