ይድረስ ጆሮዬ ገብተው ገመናዬን ላወጡት ለክቡር ግራው

ለክቡር የግራ ጆሮ ማዳመጫዬ
ባሉበት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የትናንት ጠዋቱን ውርደት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ መቆራረጥ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነበርኩ ማለቴ ነው፤ እስከ ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ድረስ።

መቼም ሰው ሁሉ «ኤርፖድ» ነው የሚልዎት። እርስዎ ኤርፖድ አይደሉም። ኤርፖድ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አባቱ የሚታወቅ የአንድ ኩባንያ ልጅ ነው። የእርስዎን ስም ግን ካርቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ ባነበው ሦስት ጊዜ የተለያየ ሆነብኝ። ቢሆንም እኔም እንደ አገሩ «ኤርፖዴ» እያልኩ በክብር ይዤዎት ቆይቻለሁ።

ትናንት እንደተለመደው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ አብረን ሄድን። ሰልፉን ተሰልፈን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብለን፣ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆነን ገባን። ጉልበቴ አገጬ ሥር ነው። በቀኜ አንዲት ተማሪ፣ በግራዬ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ እግራቸው ሥር ደግሞ ሁለት ዶሮ። ዶሮዎቹ ከእኔ የተሻለ ቦታ ነበራቸው።

አክስቴ ከቆላ ድባ በቴሌግራም ድምፅ ልካ አደረች። አክስቴ አትጽፍም፤ ትቀዳለች። ከለመደችው ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሦስት ድምፅ ነው የላከችው። እርስዎን አምኜ የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

«ሃሎ… ሃሎ… ይኼ ነገር ይቀዳል? ልጄ፣ እንደምን አደርህ። ትናንት እነዚያ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ነበር…»

እዚህ ላይ እርስዎ «ቱው» አሉና ሞቱ።

ቀኙም ተከተለዎት። የእናንተ ዓይነት ርካሾች ሥርዓታችሁ እንዲህ ነው። ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚሰማው አለቃው ካቀበለው ነው። በእኛ ቤት አለቃው እርስዎ ነዎት። ምን ይደረግ፣ አለቃ ሁሌም ከማይሠራው ወገን ነው።

ድምፁ ቆመ። ሳላውቅ ነክቼዎት ይሆናል ብዬ ስልኩን አወጣሁና እንደገና አስጀመርኩት። ድምፁ መጣ። ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «ቀንሶብኛል» አልኩና ጨመርኩ። አሁንም ሩቅ ነው። ጨመርኩ። መጨመሪያው እምቢ እስኪል ድረስ ጨመርኩ። ጆሮዬ በእርስዎ ላስቲክ ግጥም ብሎ ተደፍኗል። እኔ ጋ ሹክሹክታ የነበረው ነገር ሚኒባሱ ውስጥ ዐዋጅ መሆኑን በምን ልወቅ?

«…ልጅቷን አየኋት። ረጋ ያለች፣ ዓይነ ግቡ ናት። እናቷ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ፎቶው ሁሉ ላይ ኮፍያ የሚያደርገው ለምንድን ነው?› ብርድ አይችልም አልኋት። ‹በመጋቢት ምን ብርድ አለ?› አትለኝም መሰለህ! ኧረ ዲያ!»

ክቡር ሆይ፣ ወሩ መጋቢት ነው። ኮፍያ አድርጌአለሁ።

ከፊት ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲዞሩ አየሁ። ከኋላችን አደጋ የደረሰ መስሎኝ እኔም ዞርኩ። ከኋላዬ መስታወት ብቻ ነበር።

ቴሌግራም ደግሞ አንዱ ድምፅ ሲያልቅ ሳይጠይቅ ቀጣዩን ያስከትላል። «ደመወዙንም ጠየቁኝ። አምስት ሺህ ጨምሬ ነገርኋቸው። አንተም ከጠየቁህ እንደዚያው በል፤ እንዳታዋርደኝ።» ሦስተኛዋ አጭር ናት። «በል ልጄ፣ አደራ፣ ይቺን ነገር ለማንም እንዳታሰማ።»

ያን ጊዜ ተማሪዋ ክንዴን ነካ አደረገችና «ጋሼ፣ በውጭ ነው እኮ የሚያወራው» አለችኝ።

ጋሼ! እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

እርስዎን ከጆሮዬ ነቅዬ አወጣሁ። ዝምታው ሲመጣ ይታወቀኛል፤ ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ሸንጎው ተጀመረ። እናቲቱ «አይዞህ ልጄ፣ ፀጉር ምን ሊሠራ፤ ጠባይ ነው» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው፤ ግን ኮፍያዬን እያዩ ነው። ከጋቢና አንድ ሽማግሌ ሳይዞሩ «ፀጉሩስ ይሁን፤ የደመወዙ ነገር ግን ውሸት ደግ አይደለም» አሉ። አንዱ ደግሞ የልጅቷን እናት ሳያውቃት አይቀርም መሰለኝ፣ «የትኛዋ ናት? ገበያው አጠገብ ያለችው?» ብሎ ጠየቀ። እኔን! ረዳቱ እጁን ዘርግቶ መጣ። «ሒሳብ! አንተ የሁለት ሰው ክፈል፤ አምስት ሺህ ተጨምሮልህ የለ?» ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ዶሮዎቹ እንኳ ተንጫጩ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ። ፒያሳ አልደረስንም። የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። አዘዞ ዝቅ ብላ፣ ፒያሳ ከፍ ብላ መሠራቷ ትናንት ነው የገባኝ።

በነገራችን ላይ ብሉቱዝ የሚለውን ስም ያወጡላችሁ በ10ኛው መቶ ዘመን በነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ነው፤ በሃራልድ ብሉቱዝ። ዴንማርክንና ኖርዌይን አንድ ያደረገ ነው ይባላል፤ እናንተም ዕቃን ከዕቃ አንድ ታደርጋላችሁ ተብሎ። እርስዎ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. በመሠረታት የነገሥታት ከተማ፣ የንጉሥ ስም ተሸክመው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ስልክ ጋር አንድ መሆን አቃተዎት።

የድሮውን ቂም ላስረዝመው አልፈልግም። ካርቶንዎ «40 ሰዓት» ይላል። ሳጥኑ ደጋግሞ የሚያጎርስዎት ተደምሮ ነው። እርስዎ ብቻዎን ሲቆጠሩ ያኔ አምስት ነበሩ፤ ዛሬ ሃምሳ ደቂቃ ነዎት። ሻጩ «ኢኤንሲ አለው፤ የታክሲ ጩኸት አትሰማም» ብሎኝ ነበር። ለካ ኢኤንሲ ስደውል የእኔን ድምፅ ለወዲያኛው ሰው የሚያጠራ ነው። ሞተሩን ለእኔ ጆሮ የሚያረግበው ኤኤንሲ የሚባል ሌላ ነው፤ እሱም የሞተርን እምምታ ይቀንሳል እንጂ የረዳትን አፍ አይዘጋም። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ። በአንዲት ፊደል ነው የተበላሁት። ጎንዎ ላይ ደግሞ አይፒኤክስ4 ይላል። 4ቱ የውኃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው፤ ኤክሷ ግን ስለ አቧራ የተባለ ነገር የለም ማለት ናት። የአዘዞን መንገድ ይዘው የሚመላለሱ ሰው ስለ አቧራ ዝም!

ስልኩን ቀኝ ኪሴ ስከተው የሚቆራረጡብኝም ነገር አለ። ምክንያቱን ደረስኩበት። የብሉቱዝ ሞገድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሄደው፤ እሱን ደግሞ ውኃ ይመጠዋል፤ ሰው አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኬ በቀኝ፣ እርስዎ በግራ፣ መካከል ላይ እኔ። ከቀኙ ጋር ስትቀባበሉ ደግሞ መካከላችሁ ላይ ጭንቅላቴ አለ። አመሰግናለሁ። ጭንቅላቴ ባዶ አለመሆኑን በማስረጃ ያረጋገጠልኝ ሌላ ሰው የለም።

በምሳ ሰዓት ሸጦልኝ የነበረው ልጅ ጋ ወሰድኩዎት። መጀመሪያ «እፍ» አለብዎት። ቀጥሎ «ስልኩን አጥፍተህ አብራው» አለኝ። ቀጥሎ «ችግሩ ስልክህ ነው» አለኝ። በመጨረሻ ከራሱ በላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በአገጩ አሳየኝ። ወረቀቷን አንባቢም ያውቃታል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

«ዋስትና አለው ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«የሳምንት ቼክ ጋራንቲ ነዋ።»

ከገዛሁዎት አምስት ወር ሆኖኛል። ያችን ሳምንት ደግሞ እንደ መልአክ ነበር የሠሩት። በስምንተኛው ቀን ነው መንተባተብ የጀመሩት። ቀን ይቆጥራሉ እንዴ?

«ደረሰኝ ስጠኝ እንግዲያ።»

«በደረሰኝ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሌላ ነበር።»

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር።

ስማ አንተ! 2,600 ብር ነው የከፈልኩብህ። ምሳ እየዘለልኩ ያጠራቀምኩት ብር ነው። ለዘፈን ብዬ መስሎህ ነው? ጠዋት በአከራዬ ሬዲዮ ነው የምነቃው። ታክሲ ውስጥ የሾፌሩ ስፒከር አለ። ቢሮ ስገባ ባለጉዳይ ከዚህ፣ አለቃ ከዚያ። ማታ መብራት ይጠፋና የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። በቀን ውስጥ የእኔ የምላት ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለችው መንገድ ብቻ ናት። እሷን ነበር የገዛሁት። አንተ ግን እሷኑ ወስደህ ለአሥራ ስድስት ሰው አከፋፈልክ። ማንን ልክሰስ? ሻጩ «አስመጪው ነው» ይላል። አስመጪው ማን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ የለም። ግብር የከፈለበት ደረሰኝ የለም። ተጠያቂ የሚባል ፍጥረት የለም። ወረቀት ለመለጠፍ ሲሆን ግን ሁሉም ሰው ማስቲካና ኮላ አለው። ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ፣ ተዋርዶ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የገዛ ስልኩ ነው። ይኼ ያናድዳል። በጣም ያናድዳል።

እሺ። ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ አንቱታውም ተመልሷል።

ማታ ቤት ገብቼ አየሁዎት። ሳጥኑ «100» ብሎ ያበራል። ቀኙ ጠግቧል። እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ጾምዎን ነው ያደሩት። ሥርዎ ያሉት ሁለት ወርቅማ ነጠብጣቦች በጆሮ ኩክ ተሸፍነው ኤሌክትሪኩ አይደርስዎትም። ኩኩ የማን ነው የሚለውን አንከራከርበት። በደረቅ ጥጥ ጠረግኩዎትና ቀይ መብራትዎ በራ። ሳምንት ሳምንት በጥጥ ጥረገው የሚል ሰው ቢኖር ምን ነበረበት? ሻጩ ያን ሁሉ ሲለፈልፍ ይቺን አልተነፈሰም።

ተተኪዎን የምቀጥረው በፈተና ነው። እርስዎን ስገዛ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኩን በእጄ ይዤ፣ ግማሽ ዘፈን ሰምቼ ነው የከፈልኩት። በእንደዚያ ፈተና ማንም ያልፋል። አሁን ስልኩን በተቃራኒው ኪሴ ከትቼ ከሱቁ እወጣለሁ። መንገዱ ዳር፣ ባጃጅ በሚጮህበት፣ ለሰው ደውዬ ይሰማሃል ወይ እላለሁ። ግራውን ብቻ፣ ከዚያ ቀኙን ብቻ አሠራለሁ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ብቻውን የማይቆም ከሆነ አልፈልገውም። አብሮ የሚመጣውን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ላስቲክ እዚያው እለካለሁ፤ ሁለቱ ጆሮዎቼ እኩል አይደሉም፤ እርስዎ በየጉድጓዱ ሲወድቁብኝ ነው ያወቅኩት። ሻጩ ካልፈቀደ ደህና ዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን አልጥልዎትም። ዛሬ ጠዋት ምን እንደሆነ ታስታውሱ የለ? ሰልፉ ላይ ቆሜ ያው የትናንቱ ረዳት መጣ። ገና ከሩቅ በበሩ ወጥቶ፣ «ባለ ኮፍያው! ልጅቷስ ምን አለች?» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ቻርጅ አልነበረዎትም፤ ሃምሳ ደቂቃዎን ማታ ጨርሰዋታል። ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ። ጣቴን ወደ እርስዎ አነሳሁ፣ ራሴን እንደ ሙዚቃ ሰሚ ወዘወዝኩ፣ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ነገም አንድ ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሁኑ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ኮፍያው

ግልባጭ፦
ለቀኙ፤ እንዲያውቀው
ለአክስቴ፤ እንዳታውቀው