ስኳርና ዘይት ይዞ ህንድ የሄደው ሰው

ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዝም ይሁን ብርቱካን፣ አንድ ፌስታል መንጠልጠል አለበት። ባለቤቲቱ በር ላይ «ኧረ ምን አስቸገራችሁ!» ትላለች። እያለችም ትቀበላለች። ክብደቱን በእጇ ገምታ ጨርሳለች። ፌስታሉ ጓዳ ገብቶ ይከፈታል። እንግዳው አቦል ጠጥቶ ይሂድ ወይስ በረካ ድረስ ይቆይ የሚለው ጉዳይ የሚቆረጠው እዚያ ነው። እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስለ ዝናቡ ያወራል።

የአውሮፓ ነጋዴዎች ህንድ የገቡበትን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ይሄ ጓዳ ነው። መድፉና የስምምነት ወረቀቱ ኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የመጣው ፌስታሉ ነው።

ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ 1497 ከሊዝበን ተነሳ። አፍሪካን በደቡብ ዞረ። ማሊንዲ ላይ መንገድ የሚያውቅ መሪ ተሰጠው። ግንቦት 1498 የህንድ ጠረፍ ላይ ካሊከት ደረሰ፤ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ገበያ። መጀመሪያ ወደ ከተማዋ የላከው አንድ ፍርደኛ ነው። ቢገድሉትም ብዙ የማያጎድል ሰው ማለት ነው። ፍርደኛው ሁለት የቱኒዝ ሰዎች ጋ ተወሰደ። ሰዎቹ የስፔንን ቋንቋ ይችላሉ። ሰላምታቸው «ሰይጣን ይውሰድህ! እዚህ ምን አመጣህ?» የሚል ነበር። እሱም «ክርስቲያንና ቅመም ፍለጋ» አለ። ከዚያ በኋላ በመጡት ሦስት መቶ ዓመታት ከአውሮፓ አፍ የዚህን ያህል ግልጽ መልስ የወጣ አይመስለኝም።

ክርስቲያን የሚፈልግ ደግሞ አያጣም። ጋማና ሰዎቹ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አይተው ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ገቡ። ተንበርክከው ጸለዩ። ግድግዳው ላይ የተሳሉት «ቅዱሳን» ጥርሳቸው ወደ ውጭ የወጣ፣ አንዳንዶቹም አራትና አምስት እጅ ያላቸው ነበሩ። ይህን የጻፈው አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። ጽፎ አለፈው። ዐሥር ወር ባሕር ላይ ለቆየ ሰው አምስት እጅ ያለው ቅዱስ ብርቅ አይደለም።

የአገሩ ንጉሥ ዛሞሪን ይባላል። አረንጓዴ ከፋይ በለበሰ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ተቀበላቸው። በግራ እጁ ትልቅ የወርቅ ዋንጫ ይዟል። ለመጠጥ እንዳይመስላችሁ። ጉንጩን ወጥሮ ቅጠል እያኘከ ገለባውን የሚተፋበት ነው።

በማግስቱ ጋማ እጅ መንሻውን ደረደረ። ደንቡ መጀመሪያ የንጉሡ ሹሞች እንዲያዩት ነው፤ ጓዳ ማለት እነሱ ናቸው። ዝርዝሩ እነሆ፦ ባለ መስመር ጨርቅ 12፣ ቀይ ቆብ 4፣ ባርኔጣ 6፣ መርጃን 4 ክር፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህን 6፣ ስኳር አንድ ሣጥን፣ ዘይት ሁለት በርሜል፣ ማር ሁለት በርሜል።

ሹሞቹ ሳቁ። «ከመካ የሚመጣው የመጨረሻው ደሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል። ወርቅ ከሌለህ ለንጉሡ አናቀርበውም» አሉት።

እውነት ለመናገር ሰውዬው አገር ነው የተሳሳተው። ስኳር፣ ዘይት፣ ማር! ይህን ጭኖ ዛሬ አዲስ አበባ በበዓል ዋዜማ አንዱ ግቢ ቢገባ እልል ይባልለት ነበር። ለሽምግልና ቢመጣ ዘሩ ሳይጠየቅ ልጅቷን ይሰጡት ነበር። ሁለት በርሜል ዘይት እኮ ነው! ካሊከት ላይ ግን ሰውዬው ወርቅ ውስጥ ይተፋል። ለእሱ ነው እንግዲህ ስድስት መታጠቢያ ሳህን የቀረበለት።

ጋማ ወዲያው ሰበብ አገኘ። «እኔ መልእክተኛ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ይሄ ከራሴ ነው። ንጉሤ ሲልክ ሌላ ነው» አለ። ይቺን እናውቃታለን። ዋናው ሻንጣ ትራንዚት ላይ ቀረ ነው ነገሩ።

ንጉሡ ፊት በመጨረሻ የቀረበው ባዶ እጁን ነው። ንጉሡም ጠየቀው፤ ከሀብታም አገር መጣሁ ብለህ ምንም አላመጣህልኝም። ልታገኝ የመጣኸው ድንጋይ ነው ወይስ ሰው? ሰው ከሆነ ስለምን ባዶ እጅህን መጣህ? ቀጥሎ ደግሞ፣ መርከብህ ላይ የወርቅ ማርያም አለች ሲሉ ሰምቻለሁ አለው። ጋማ፣ ወርቅ አይደለችም፣ ብትሆንም አልሰጥም አለ። እንግዳና ባለቤት እንዲህ ከተነጋገሩ ቡናው ሁለተኛ አይደርስም።

መቼም ፖርቹጋሎች እንግድነት የሚማሩበት አጥተው አይደለም። ካሊከትን ከጋማ በፊት በዓይኑ ያየ ሰው ነበራቸው፤ ፔሮ ዳ ኮቪልያ። በ1487 የቅመሙን አገርና «ቄስ ዮሐንስ» የሚባለውን ክርስቲያን ንጉሥ እንዲፈልግ ተላከ። ካሊከትንና ጎዋን አይቶ ሲያበቃ ቄስ ዮሐንስን ፍለጋ እኛ ጋ መጣ፤ ዘመኑ የዓፄ እስክንድር ነበር። ጥሩ ተቀበሉት። ርስት ሰጡት፣ ሚስት ሰጡት። መውጣት ብቻ ነው የከለከሉት። በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች ዓፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ ሰውዬው እዚሁ ነበር። «ገና ነው፣ ምን አስቸኮለህ፣ ተጫወት እንጂ» የሚባለው ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶበታል።

ካሊከት ላይ ግን የሆነው ሌላ ነው። ጋማ በ1502 ሲመለስ ፌስታሉ ተቀይሯል። መድፍ ነው የጫነው። ከመካ የሚመለስ የምእመናን መርከብ ባሕር ላይ ያዘ። ውስጡ ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ሴቶቹ የወርቅና የብር ጌጣቸውን እያነሱ አሳዩት፣ ሁሉን እንስጥህና ማረን አሉት። ከአራት ዓመት በፊት ባዶ እጅህን መጣህ የተባለው ሰው አሁን ሲሰጡት እንቢ አለ። መርከቡን ከነሰዎቹ አቃጠለው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ዛሞሪን በሩን ሲዘጋ የጎረቤቱ የኮቺን ራጃ፣ ማለት ንጉሥ፣ ከፈተላቸው። ፍቅር አይደለም፤ ከዛሞሪን ጋር ስለማይስማማ ነው። በአገሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሆነው። አዲሱ እንግዳ ጎረቤቴን ያስታግስልኛል ያለ ሁሉ ወንበር ሳበለት። ፖርቹጋሎች በ1510 ጎዋን ያዙ። ቀጥለው ባሕሩ ላይ ኬላ ዘረጉ። የእነሱን የይለፍ ወረቀት ያልያዘ መርከብ ይወረሳል። ህንዶች፣ ዐረቦችና ፋርሶች ስንት ዘመን በነጻ ሲመላለሱበት የኖሩት ባሕር ነው እንግዲህ። መንገድ ዘግቶ ኮቴ የሚሰበስብ ስታዩ ፈጠራው አዲስ እንዳይመስላችሁ።

ፈላጊው ሲበዛ ተፎካካሪ መጣ። እንግሊዞች በ1600 የመጨረሻ ቀን ኩባንያቸውን አቋቋሙ፣ ሆላንዶች በ1602። ዴንማርክና ፈረንሳይ ተከተሉ። ሁሉም ቁንዶ በርበሬና ጨርቅ ይላሉ፣ ሁሉም ሌላውን ያማሉ።

እንግሊዞች አብዛኛውን ህንድ የሚገዛው ታላቁ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ዘንድ ደጅ ጠኑ። ዊሊያም ሆኪንስ በ1609 አግራ ሲደርስ የቀረው ስጦታ ትንሽ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ የሚረባውን ወደቡ ሱራት ላይ ተቀምቷል። ያዳነው ቱርክኛው ነው። ከንጉሡ ጋር ያለ አስተርጓሚ ተጫወቱ፣ ሚስትም ዳሩለት፣ አንዲት አርመናዊት። የንግድ ፈቃዱ ግን አልጸናለትም።

በ1615 ሰር ቶማስ ሮ መጣ፤ ወግ የሚያውቅ ጨዋ አምባሳደር። ሠረገላ አስመጣ። ጃሃንጊር ስጦታውን አየና አንዱን የጀስዊት ቄስ ጠራ። «የእንግሊዝ ንጉሥ በእውነት ታላቅ ንጉሥ ነው? እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይልካል?» ብሎ ጠየቀው። ማንን እንደጠየቀ ልብ በሉ። ለፖርቹጋል የሚያደላውን ሰው! ሠረገላውንም ፈታተው ቅጂ ሠሩለት። ውስጡን በተሻለ ጨርቅ ለበጡት፣ የነሐስ ምስማሩን ነቅለው የብር መቱበት። ሮ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ሊያስደንቅ ሞከረ። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊዎች ቅጂ ሠርተው ከዋናው ጋር ደባልቀው በሻማ ብርሃን አቀረቡለት። የራሱን ሥዕል ለይቶ ለማውጣት ተቸገረ።

በነገራችን ላይ የጃሃንጊር የእግር እሳት ከአውሮፓ የመጣ አልነበረም። ከኛው አገር በባርነት ተሽጦ ህንድ የደረሰው፣ በኋላ ከሙጋሎች ግዛት በስተደቡብ የሚገኘው የደካን አገር ጦር መሪ የሆነው ማሊክ አምባር ነው። ጃሃንጊር በሜዳ ሊያሸንፈው ስላልቻለ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። በሥዕሉ ላይ አልሳተም።

ሮ ለኩባንያው በደብዳቤ ምክር ላከ። ትርፍ ከፈለጋችሁ በባሕርና በሰላም ንግድ ፈልጉ፣ ምሽግና የየብስ ጦርነት ስህተት ነው አላቸው። ተሰማ? ትንሽ ቆዩ።

በ1661 የፖርቹጋሏ ልዕልት ካትሪን የእንግሊዙን ቻርልስ 2ኛን እንድታገባ ሲዋዋሉ ቦምቤይ ጥሎሽ ሆና ተሰጠች። እኛ ጋ ወንዱ ነው የሚጥለው፤ እዚያ ሴቷ ደሴት ይዛ ትመጣለች። ንጉሡ ግን ጥሎሹ ወጪ በዛበት። በ1668 ለኩባንያው አከራየው፣ በዓመት 10 ፓውንድ። አከራዮቻችን ይህን እንዳያነቡ። ማድራስን ደግሞ ፈረንሳዮች በ1746 ከእንግሊዝ ቀሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ አውሮፓ ላይ ሲታረቁ ካናዳ ባለ ምሽግ ለወጧት። የማድራስን ሰው የጠየቀ የለም።

ስጦታው አቅጣጫ የቀየረው ቤንጋል ላይ ነው። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ፋሩክሲያር ታሞ የእንግሊዙ ኩባንያ ሐኪም ዊሊያም ሃሚልተን አዳነው። በ1717 ቤንጋል ውስጥ በዓመት በ3000 ሩፒ ብቻ፣ ያለ ቀረጥ እንዲነግዱ ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱ ለኩባንያው ዕቃ ነው። ሠራተኞቹ ግን ለግል ንግዳቸውም ተጠቀሙበት። የመሥሪያ ቤት መኪና ሠርግ ሲያጅብ አይታችሁ የለ? ነዋቡ፣ ማለት የቤንጋል ገዥ፣ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ይህን ጠየቀ፣ ምሽግ ማጠናከራቸውንም ጠየቀ፣ በ1756 ካልካታን ያዘባቸው። በ1757 የኩባንያው ጦር መሪ ሮበርት ክላይቭ 3000 ገደማ ወታደር ይዞ ፕላሲ ላይ ገጠመው። የነዋቡ የጦር አለቃ ሚር ጃፋር አስቀድሞ ተዋውሏል። ቆሞ አየ። ከዚያ ነዋብ ሆነ።

አዲሱ ነዋብ እጅ መንሻ ሰጪ ሆነ። ለክላይቭ ለራሱ ብቻ 234000 ፓውንድ። ለሌሎቹም እንደየማዕረጋቸው። በ1765 የቤንጋል ግብር መሰብሰብ ራሱ ለኩባንያው ተሰጠ።

በ1773 የእንግሊዝ ፓርላማ ክላይቭን ጠየቀው። ይሄን ሁሉ እንዴት ወሰድህ ነው። ክላይቭ የነዋቡ ግምጃ ቤት ወለል ብሎ ሲከፈትለት ወርቁና ዕንቁው ግራና ቀኝ ተከምሮ እንደነበር አስረዳ። ሲጨርስም «በዚህች ሰዓት የሚገርመኝ ምን ያህል ልከኛ እንደነበርኩ ነው» አለ።

ምክር ቤቱም ተወያየ። 234000 ፓውንድ መውሰዱን በውሳኔ አጸደቀ። ቀጥሎም ለአገሩ ታላቅና የሚያስመሰግን አገልግሎት ማበርከቱን አጸደቀ። ይመልስ የሚል ውሳኔ ግን አልወጣም።