ቀበቶው አጥሮ እናትየዋ ለምን ትወቀሳለች?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ውስጥ በሚደመጥ አንድ የሬዲዮ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ አንዲት እናት ስልክ ደወለች። ሰውነቷ ደንዳና መሆኑን፣ ከሱቅ የገዛችው የልጅ ማዘያ ወገቧን ዞሮ አልገጥም እንዳላትና ማንገቻው ትከሻዋን እየቆረጠ እንዳስቸገራት ተናግራ፣ የትኛው ዓይነት እንደሚሻላት ጠየቀች። የተጋበዙት ባለሙያ መጀመሪያ ክብደት ትቀንስ አሉ። እስከዚያው የሕፃን ጋሪ ትጠቀም አሉ። ማዘል የልጁን እግር ያወላግዳል ብለውም አከሉበት። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ሙዚቃ አለፈ። ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ዕቃ ነበር፤ የተመለሰላት ስለ ገላዋ ነው። እኔም እንደ እርሷ ወፍራም እናት ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም አልልም።

ከጋሪው ልጀምር። ጎንደር የሚኖር ሰው ይህን ምክር እንዴት ይሰጣል? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለቷ የማያልቅ ናት። የየሰፈሩ መንገድ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ያልተነጠፈው ደግሞ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው። እነዚያን ትንንሽ ጎማዎች እየገፋ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የወጣ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ቅዳሜ ገበያ ሰውና አህያ በሚጋፋበት መተላለፊያ ጋሪው የት ይቆማል? ባጃጅ ውስጥስ የት ይገባል? ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ በሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ሕፃን በጋሪ ይዞ መግባት ለልጁም ለሰውም አደጋ ነው። እናት ልጇን የምታዝለው ዘምቢሉን የምታነሣበትና የታላቅየውን እጅ የምትይዝበት እጅ ስለሚያስፈልጋት ነው። ጋሪ ሁለቱንም እጅ ይወስዳል። ይህን ያላሰበ ምክር ምክር አይባልም።

የእግር መወላገዱን ባጭሩ ልለፈው። በደንብ የታዘለ ሕፃን ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ጭኑ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ለዳሌ መገጣጠሚያው የሚስማማውም ይኸው አቀማመጥ ነው። በማላዊ የሠሩ የአጥንት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በጀርባ ማዘል የሕፃናትን የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ሊከላከል እንደሚችል አስረድተዋል። ዳሌን የሚጎዳው እግርን ቀጥ አድርጎ ጠፍንጎ መጠቅለል ነው።

ክብደት መቀነሱስ? ለደም ግፊትና ለስኳር ጥሩ እንደሆነ አልክድም። የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም። ልጁ እናቱ እስክትቀጥን አይጠብቅም፤ ማዘያ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። ደግሞም በእኛ አገር አራስ ካልወፈረች ጠያቂ ሁሉ ቤተሰቡን ይወቅሳል። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በላይ በላዩ ይቀርብላታል፣ ብዪ ጠጪ እየተባለች ትለመናለች። ከአራስ ቤት ስትወጣ ያው ማኅበረሰብ ገላዋን እንደ ጥፋት ይቆጥርባታል። ይህ ግፍ ነው።

ዋናው ጉዳይ ቀበቶው ነው። ዘለበት ያለው የሱቅ ማዘያ የልጁ ክብደት በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ማንገቻው ልጁን ከጀርባ ጋር አስጠግቶ እንዲይዝ እንጂ ሸክሙን ሁሉ እንዲሸከም አልታሰበም። አንድ ዓመት የሞላው ጤነኛ ሕፃን 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀበቶው ያጠራት እናት ታዲያ ምን ታድርግ? ትንፋሿ እስኪያጥር ስባ ትቆልፈዋለች፣ አለዚያም ሳትቆልፈው ትተዋለች። ካልቆለፈችው ልጁ ሊሾልክ ይችላል፣ ክብደቱም በሙሉ አንገቷና ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ጀርባዋን ያማታል፤ ስትናገር የውፍረትሽ ነው ትባላለች። እኔ ግን ሕመሙ የሚመጣው ካጠረው ቀበቶ እንጂ ከሥጋዋ አይደለም እላለሁ። የማያምን ቀበቶው በልኳ የሆነላትን ወፍራም እናት ይጠይቅ።

ሳጥኑን አገላብጣችሁ እዩት። ልጁ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚታዘልበት፣ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ኪሎ ግራም ተብሎ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። የምታዝለው ሴት የወገብ ዙሪያ ግን በአብዛኞቹ ላይ የለም። ነጋዴው ሲጠየቅ ለሁሉም ይሆናል ይላል። ለማን ለሁሉም? ፋብሪካው በሐሳቡ ለሳላት ቀጭን ሴት ነው። የአያቶቻችን አንቀልባ ጠፍሩ ይቋጠር ስለነበር ቀጭኗም ወፍራሟም በልኳ ታስረዋለች። ነጠላውና ጋቢውም እንዲሁ ነው። ዘለበት መጣና እናትን ሁሉ በአንድ ልክ ፈረጀ፤ እኛም ልኩን ከመጠየቅ ይልቅ እናትየዋን መጠየቅ ጀመርን። በሌላው ዓለም ለማዘያ የሚሸመነው ረጅም ጨርቅ እንኳ በርዝመት ተለይቶ ይሸጣል፤ ብዙዎች የሚጠቀሙበት 4.6 ሜትር ሲሆን፣ ደንዳና ሰውነት ላለው 5.2 ሜትሩ አለ። የጎንደር ሸማኔ ይህን መሸመን ያቅተዋል? የሚያዘው አጥቶ ነው እንጂ።

እንግዲህ ያቺ እናት ሊነገራት ይገባ የነበረው ይህ ነው። ሜትር ያዢና ቀበቶው የሚያርፍበትን ዙሪያ፣ በምትለብሽው ልብስ ላይ፣ ለኪ። የቀሚስሽ ቁጥር ይህን አይነግርሽም፤ ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ከሰው ሰው ይለያያል። ቀበቶው ተቆልፎ መሳቢያው ሊተርፍ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ደርሶ የሚቆለፍ ከሆነ ጋቢ ሲደረብበት አይበቃም። ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ ጠባቡ ትከሻ ውስጥ ይቀብራል። ስፖንጁ ግን ብብት ድረስ እንዳይረዝም፣ ክንድን ይልጣል። ደረት ላይ የሚያያዘው ማሰሪያ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ርዝመቱም የሚበቃ ካልሆነ ተዪው፤ ጡት ላይ የሚጫን ጠፍር ለምታጠባ እናት ሥቃይ ነው። ልጁ ከፍ ብሎ ይታዘል፣ አፍና አፍንጫው ጨርቅ አይንካው፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ። በእንዲህ ያለው የዘለበት ማዘያ ጀርባ ላይ የሚወጣውም አንገቱ ሲጠናና መቀመጥ ሲጀምር፣ ወደ 6 ወር ገደማ ነው። ደንዳና አባትም ቢሆን ልኩ ይኸው ነው፤ አባት ልጁን ቢያዝል የሚቀርበት ክብር የለም።

ቀበቶውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማስረዘምም ይቻላል የምትሉ አላችሁ። ይቻላል፣ ግን በተራ ጨርቅና በአንድ መስመር ስፌት አይደለም። ልጅ የሚሸከም ጠፍር ነውና መቀጠያው እንደ ዋናው ያለ ጠንካራ የናይለን ጠፍር ይሁን፣ ስፌቱም በአራት ማዕዘን ዞሮ መካከሉ ላይ ይጠላለፍ። ከቤት ሳይወጣ በፊት 10 ኪሎ ጤፍ ታስሮበት ይሞከር።

የአራዳና የፒያሳ ነጋዴዎችም በየማዘያው ላይ የቀበቶውን ትልቁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለጥፉ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈጅባችሁ። እናቶች፣ ይህን ያልለጠፈ ሱቅ ውስጥ ልጃችሁን አዝላችሁ፣ ጎንበስ ቀና ብላችሁ ሳትሞክሩ ብር አትቁጠሩ።