የጓዳው ዘመን እንዳይረሳ
ስለ ናዝሬት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የጻፋችሁትን በደስታ አነበብኩ። ሜኖናይት የተባሉት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ሆስፒታልና የድሬሰሮች (የሕክምና ረዳቶች) ማሠልጠኛው በደንብ ተነግሯል። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ግን በሁለት መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘግቶ መሪዎቿን ሲያስር በአገሪቱ የነበሯት አባላት 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ይህ የሆነው በየሰዉ ጓዳ ነው! እናቴ ቡና ታፈላለች፤ በረከቦቱ ዙሪያ አምስት ስድስት ሰው ይቀመጣል፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በነጠላ ተሸፍኖ። ሲጨርሱ አንድ በአንድ፣ ጊዜ እያሳለፉ ይወጣሉ። ያን ቡና ያፈሉ እናቶች አርጅተዋል። እባካችሁ ሳይረፍድ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ስማቸውንም መዝግቡ።