አናቶሚ በጣት ይጠናል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ማታ ደወለችልኝ። እዚሁ አሜሪካ ደንታል ሃይጂን፣ ማለትም ጥርስና ድድ የማጽዳት ሙያ፣ መማር ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። «አናቶሚው ሊገድለኝ ነው» አለችኝ። የጭንቅላት፣ የአንገትና የአፍ አናቶሚውን፣ የአካል አሠራሩን ትምህርት ማለቷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ፍላሽ ካርድ ተከምሯል። ሌሊቱን ስትሸመድድ ታድራለች፤ ጠዋት ግማሹ የለም።

እኔም እንደዚያው ነው ያለፍኩት። ስለዚህ «ካርዱን አስቀምጪና እጅሽን ታጠቢ» አልኳት።

መዳፍሽን ጉንጭሽ ላይ አድርጊ። ጥርስሽን ግጥም አድርጊው። ጠጠር ብሎ የሚነሳው ማሴተር የሚባለው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። አሁን ጣትሽን ከጆሮሽ ፊት አሳርፊና አፍሽን ክፈቺ፣ ዝጊ። መገጣጠሚያው ሲንሸራተት ይሰማሻል። ከራስ ቅል 22 አጥንቶች የሚንቀሳቀሰው ያ የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ከዚያ በምላስሽ ጉንጭሽን ከውስጥ ዳስሺ፤ ከላይኛው ሁለተኛ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ። አበጥ ያለች ትንሽ ነገር አለች። የፓሮቲድ ምራቅ የሚፈስባት በር እሷ ናት።

ፓሮቲድን ደግሞ በአማርኛ ታውቂዋለሽ። ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው እጢ ነው። ስሙ ራሱ ቦታውን ይነግርሻል! ንፍፊት ሲሉም ሰምተሻል፤ ያበጠ ሊምፍ ኖድ ነው። ላንቃ፣ እንጥል፣ ክራንቻ… ግማሹን ትምህርት ከቤትሽ ይዘሽ መጥተሻል። የላቲኑን ስም እዚያ ላይ ስቀይው፤ አይወድቅም።

ብሔራዊ ቦርድ የሚባለው የሙያ ፈተና 350 ጥያቄ አለው፤ ሸምድዶም የሚያልፈው አይጠፋም። ግን ሥራችን የጣት ሥራ ነው። ድድ ሥር የተደበቀ ታርታር፣ ጥርስ ላይ የጠጠረው ቆሻሻ፣ በዓይን አይታይም። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥር፣ የታችኛው ሁለት ሥር አለው። ሥሮቹ የሚለያዩበትን ቦታ የማታውቅ ሃይጂኒስት ታርታሩን እዚያው ትታ ትወጣለች። በአብዛኞቹ ግዛቶች ማደንዘዣም እንወጋለን። ለታችኛው ጥርስ የሚሆነው ነርቭ ወደ አጥንቱ የሚገባው በመንጋጋው የውስጥ ገጽ ባለች ቀዳዳ ነው። ያቺን ቦታ ትንሽ ከሳትሽ ሰውየው ተወግቶም አይደነዝዝም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። እኔ የተማርኩባቸው መጻሕፍት ጤነኛ ድድ ብለው የሚያሳዩት ሮዝ ድድ ነበር። የብዙዎቻችን ድድ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነው፤ ጤናማም ነው። ተማሪ ሳለሁ አንዲት አሮጊት እናታችን መጡ። የላይኛው ድዳቸው ጥቁር ሰማያዊ ነው። እንጥላቸውም የለም። አብራኝ የምትማረው ልጅ ደንግጣ አስተማሪ ልትጠራ ተነሳች። «እማማ፣ ድድዎን ተነቅሰው ነው?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ በልጅነቴ። ያኔ ውበት ነበር» አሉኝ። እንጥላቸውንም ሕፃን ሳሉ ነው ያስቆረጧቸው። ሁለቱንም መዝገባቸው ላይ ጻፍኩ። አዲስ የወጣ ወይም መልኩን የሚቀይር ጥቁር ነገር ቢሆን ኖሮ ወዲያው ለሐኪም ማሳየት ግድ ነበር። ልዩነቱን የምታውቂው ጠይቀሽ ነው።

ንቅሳትንና የተቆረጠ እንጥልን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም። ትምህርት ቤቶች የእነዚህን እናቶች አፍ ፎቶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ከሮዙ ጎን ማስቀመጥ አለባቸው። እኛም ሐበሻ ተማሪዎች ሲያጠኑ የምናውቀውን እንንገራቸው።

ልጅቷ ትናንት መልሳ ደወለች። ስልኩን ክፍት አድርጋ የወንድሟን አንገት እየዳሰሰች ነበር። ከጆሮው ኋላ ጀምሮ እስከ ደረቱ የሚወርደው ጡንቻ ጠፍቷታል። ንፍፊቶቹ የሚፈለጉት እሱን ተከትሎ ነው። «ፊቱን ወደ ግራ ያዙርልሽና ቀኙን እዪ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ወጣ! ወጣ! ይኸው ያዝኩት!»