ማስተካከያ፦ ስለ «የባሕር በረዶ» (በባሕር ውሃ ውስጥ ብናኞች ተጣብቀው የሚፈጥሩት፣ ወደ ታች የሚሰምጥ ጥርቅም)

ባለፈው ቅዳሜ ለገጣፎ በሚገኘው የሳይንስ ክበባችን «በባሕር ውሃ ውስጥ ብናኞች የሚጣበቁት እርስ በርስ ስለሚጋጩ ብቻ ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት የተጣበቀውን ከመብላት በቀር ድርሻ የላቸውም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ልጆቹ በደብተራቸው ስለጻፉት ቶሎ መታረም አለበት።

አፔንዲኩላሪያን የሚባሉት በባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉ ትናንሽ እንስሳት ምግባቸውን የሚያጣሩበት ዝልግልግ ቤት አላቸው። ቤቱ ሲደፈን ጥለውት ሌላ ይሠራሉ፤ ይህንንም በቀን ደጋግመው ያደርጉታል። የተጣለው ቤት ብናኝ እየለቀመ ይሰምጣል። ተልባ ተዘፍዝፎ ባደረበት ውሃ ላይ አቧራ ብትነሰንሱ እንዴት እንደሚይዘው ታያላችሁ። ኮፔፖዶች የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ እንስሳትም የበሉትን አልጌ (ዕፅ መሰል ጥቃቅን የውሃ ሕያዋን) አጣብቀው በእንክብል ኩስ መልክ ያወጡታል። የክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ የባሕር እንስሳት) መዋኘት ግን ጥርቅሙን ይበታትናል።

«የባሕር በረዶ» የሚባለው ከ0.5 ሚሊሜትር የሚበልጠው ጥርቅም ነው ያልኩት ትክክል ስለሆነ አትሰርዙት።